የድንች ሰላጣ በፍሪዘር

የድንች ሰላጣን በፍሪዘር ማቆየት ማለት ተቀቅሎ የተለወሰውን ድንች በ−18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በረዶ አድርጎ ማስቀመጥና ሲፈለግ አቅልጦ መመገብ ነው። ዘዴው ሰላጣውን ከመበላሸት ቢያቆየውም ለዛውን አይጠብቅለትም።

የጣጣው ምንጭ ውሃ ነው። ከጥሬ ድንች ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ ውሃ በረዶ ሲሠራ መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የበረዶው ቅንጣቶች በመቀቀል የላላውን የህዋስ ግድግዳ ይሰነጣጥቁታል። ስታርቹም በቅዝቃዜ እየተሰበሰበ፣ ሲቀቀል የመጠጠውን ውሃ መልሶ ይተፋል። በዚህ የተነሳ የቀለጠ ድንች እንደ ስፖንጅ ሆኖ ውሃው ከሳህኑ ሥር ይጠራቀማል። ማዮኔዝ ካለበት ደግሞ ይብሳል፤ የእንቁላል አስኳል አዋህዶ የያዘው ዘይትና ውሃ ይለያያል። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ክፍል ጎማ ይሆናል።

ስለዚህ ውጤቱ እንደ ማባያው ይለያያል። በሰሜን ጀርመን በብዛት በማዮኔዝ የሚሠራው ሰላጣ ለፍሪዘር አይመችም፤ በደቡቡ፣ በሽዋቢያና በባቫርያ፣ በትኩስ መረቅ፣ በኮምጣጤና በዘይት የሚለወሰው ይሻላል። በኢትዮጵያ በጾም የሚዘወተረው የዘይትና የሎሚ ሰላጣም ከዚሁ ወገን ነው። ሽንኩርቱና ቃሪያው ግን ስለሚልፈሰፈሱ፣ ከቀለጠ በኋላ ትኩሱን ከትፎ መጨመር ይበጃል። እውነቱን ለመናገር፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ለሚቆይ ምግብ ይህ ሁሉ ድካም እምብዛም አያዋጣም።

የሚቀልጠው በፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ፣ አድሮ ነው። ጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ አደገኛ ነው፤ በረዶ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች ከመራባት ያግዳቸዋል እንጂ አይገድላቸውምና። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ሰላጣም ፍሪዘር ስለገባ አይድንም። በተለምዶ የሚወቀሰው ማዮኔዝ ነው፤ ሆኖም የፋብሪካው ማዮኔዝ አሲድ ስላለው ለባክቴሪያ ይበልጥ የሚመቸው ድንቹ ራሱ ነው።

ሰላጣውን የሚያበላሸው ይኸው የድንቹ በበረዶ ውሃ መትፋት በአንዲስ ተራሮች ሙያ ሆኗል። በፔሩና በቦሊቪያ ደጋ የሚኖሩት የኬቹዋና የአይማራ ሕዝቦች በሰኔና በሐምሌ ውርጭ ድንቹን ሌሊት ሜዳ ላይ ያሳድሩታል፤ ቀን ሲቀልጥ በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡና በፀሐይ ያደርቁታል። ቹኞ የሚባለው ይህ ድንች ያለ ፍሪጅ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ለሾርባ ሲፈለግ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል።