ከሩቅ አገር እስከ እናት ጡት፦ መርዛማ ኦርጋኒክ ኬሚካሎች በአየር የተጓዙበት መንገድ

አንድ ኬሚካል የሚጎዳው በተመረተበት ወይም በተረጨበት አካባቢ የሚኖሩትን ሰዎች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል። የመመረዝ ምርመራም የሚጀምረው ሕመምተኛው ምን እንደ ነካ፣ ምን እንደ ዋጠና የት እንደ ሠራ በመጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም ተገቢ ነው። ነገር ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተገኙት ማስረጃዎች ጥያቄው ብቻውን በቂ አለመሆኑን አሳይተዋል። በአጠገባቸው ፋብሪካ የሌለ፣ እርሻ የማያውቁ፣ ፀረ ተባይ በእጃቸው ያልነኩ እናቶች በጡታቸው ወተት ውስጥ የሩቅ አገር መርዝ ተሸክመው ተገኝተዋል። ከዋነኞቹ አጓጓዦች አንዱ አየር ነበር።

የማይፈርሱ ኬሚካሎች ዘመን

ፒ.ሲ.ቢ. በሚል ምሕፃር የሚታወቁት ክሎሪን ያዘሉ ዘይቶች እ.ኤ.አ. በ1929 ለገበያ መመረት ጀመሩ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በቀላሉ ስለማይቃጠሉና ስለማይበላሹ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች ውስጥ በሰፊው ገቡ። በ1939 ደግሞ በስዊዘርላንድ የባዝል ከተማ ኬሚስቱ ፓውል ሙለር የዲ.ዲ.ቲን ተባይ ገዳይነት አረጋገጠ። ዲ.ዲ.ቲ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቅማል የሚተላለፈውን ታይፈስ፣ ከዚያም ወባን ለመከላከል ባስገኘው ውጤት ምክንያት ሙለር በ1948 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

እነዚህ ኬሚካሎች የተወደዱበት ምክንያት አንድ ነበር፤ አንዴ ከተረጩ ወይም ከተሞሉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳይፈርሱ መቆየታቸው ነው። ኋላ ላይ ለጉዳት መንስኤ የሆነውም ይኸው ጠባይ ነው። ፀሐይ፣ ውኃና ረቂቅ ሕዋሳት በቀላሉ አያፈርሷቸውም። በውኃ እምብዛም አይሟሙም፤ በስብ ግን በሚገባ ይሟሟሉ። ስለዚህ ወደ ሕያው አካል ከገቡ በሽንት ከመውጣት ይልቅ በስብ ውስጥ ይከማቻሉ።

ያልተጠበቁ ምልክቶች

በስቶክሆልም የሚሠራው ኬሚስት ሶረን የንሰን በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓሣና በንስር አካል ውስጥ የዲ.ዲ.ቲን ቅሪት ሲለካ፣ መሣሪያው ማንነታቸው የማይታወቅ ሌሎች ምልክቶችን ደጋግሞ ያሳየው ነበር። በ1944 በተሰበሰበ የንስር ላባ ላይም ተመሳሳይ ምልክት ስላገኘ፣ ነገሩ በስዊድን ዲ.ዲ.ቲ. ከመስፋፋቱ በፊት የነበረ መሆኑን ተረዳ። በ1966 የምልክቶቹ ምንጭ ፒ.ሲ.ቢ. መሆኑን ይፋ አደረገ። ኬሚካሉን በራሱ፣ በባለቤቱና ጡት በምትጠባው ሕፃን ልጁ ፀጉር ላይ ሳይቀር አገኘው። ሕፃኗ ያገኘችው ከእናቷ ወተት ሳይሆን እንዳልቀረ ገመተ።

በዚያው ዓመት ዲ.ዲ.ቲ. በአንታርክቲካ በሚኖሩ ፔንግዊኖች ስብ ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። በ1968 ደግሞ በካሪቢያን አካባቢ በባርቤዶስ ደሴት ላይ ከአየር በተሰበሰበ አቧራ ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ። አቧራው በቋሚ ነፋሳት ተገፍቶ ከአውሮፓና ከአፍሪካ ምድር አትላንቲክን ያቋረጠ ነበር። መርዙ ድንበር እንደማይገታው ከዚያ ወዲህ ግልጽ ሆነ። ቀሪው ጥያቄ፣ እንደ ዘይት የከበደና በቀላሉ የማይተን ነገር እንዴት ያን ያህል ርቀት ይጓዛል የሚል ነበር።

እንደ አረቄ አወጣጥ

የጉዞው ሥርዓት አረቄ ሲወጣ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። እሳት ላይ ከተጣደው ማሰሮ የሚነሣው እንፋሎት በመቃው አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። በዓለም ደረጃ ሞቃቱ ምድር እንደ ማሰሮው፣ ነፋሱ እንደ መቃው፣ ቀዝቃዛው ዋልታ ደግሞ እንደ መቀበያው ዕቃ ይሆናል። የባሕር ኬሚስቱ ኤድዋርድ ጎልድበርግ በ1975 ይህንኑ ሐሳብ ዓለም አቀፍ የማጣራት ሂደት በሚል መልክ አቀረበ። በ1993 ፍራንክ ቫኒያና ዶናልድ ማካይ የተባሉት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐሳቡን አስፍተው አብራሩት።

በእነርሱ ገለጻ መሠረት እነዚህ ኬሚካሎች ከፊል ተናኝ ናቸው። በሞቃት ቀን ከአፈር፣ ከቅጠልና ከውኃ ላይ ተነሥተው በጋዝ መልክ ወይም በደቃቅ ብናኝ ላይ ተጣብቀው ይጓዛሉ። አየሩ ሲቀዘቅዝ በዝናብ፣ በበረዶ ወይም በብናኝ መልክ ይወርዳሉ። ሙቀት ሲመለስ ዳግመኛ ይነሣሉ። ጉዞው አንድ ረጅም በረራ ሳይሆን እንደ ፌንጣ ዝላይ ተደጋጋሚ በመሆኑ፣ አንድ ሞለኪውል ከመነሻው እስከ መድረሻው ዓመታት ሊወስድበት ይችላል። ቀለል ያሉት፣ ለምሳሌ ሄክሳክሎሮቤንዚን፣ እስከ ዋልታው ይዘልቃሉ፤ ብዙ ክሎሪን የተሸከሙት ከባዶቹ ፒ.ሲ.ቢዎች ግን በአብዛኛው ወደ መነሻቸው ቀረብ ብለው ይቀራሉ። ከወረዱ በኋላም ብርዱ ዳግመኛ መትነናቸውንም ሆነ መፍረሳቸውን ያዘገያል።

የኑናቪክ እናቶች

የላቫል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኤሪክ ደዋዪ በ1980ዎቹ በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር የጡት ወተት ብክለትን ያጠና ነበር። ከኢንዱስትሪ የራቀ፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ንጹሕ ናሙና ይገኛል በሚል ግምት በሰሜን ጫፍ ኑናቪክ ከሚኖሩት የኢኑዊት እናቶች ወተት ተወሰደ። በ1989 የታተመው ውጤት ግምቱን ገለበጠው፤ በኢኑዊት እናቶች ወተት ውስጥ የተገኘው ፒ.ሲ.ቢ. በደቡብ ኩቤክ እናቶች ከተገኘው አምስት እጥፍ ያህል ነበር።

ልዩነቱን የፈጠረው የምግብ ሰንሰለቱ ነው። በአየርና በባሕር ሞገድ የደረሰው ጥቂት መርዝ ከደቃቅ የባሕር ተክሎች ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ አቆስጣና ዓሣ ነባሪ ሲተላለፍ በየደረጃው ይበዛል። ኢኑዊቶች የእነዚህን እንስሳት ሥጋና ስብ ይመገባሉ፤ ጡት የሚጠባው ሕፃን ደግሞ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ይገኛል። በኋላ በኑናቪክ ሕፃናት ላይ የተደረገ ክትትል፣ በማኅፀን ሳሉ ለእነዚህ ኬሚካሎች ይበልጥ የተጋለጡት በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ለመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመለከተ።

በዚህ ጊዜ በስፍራው የነበሩት የጤና ሠራተኞች ከባድ ውሳኔ ገጠማቸው። እናቶች ማጥባት ያቁሙ ቢባል ሕፃናቱ ከበሽታ መከላከያቸውና ከተሟላ ምግባቸው ይለያሉ። አደን ይቅር ቢባል በምትኩ ከሱቅ የሚገዛው በስኳርና በጨው የበለጸገ ውድ ምግብ ነው፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ የስኳርና የልብ በሽታ ይመጣል። የተሰጠው ምክር ማጥባቱ እንዲቀጥል ነበር። ስሕተቱ ያለው በእናቲቱ ዘንድ ሳይሆን በምንጩ ዘንድ በመሆኑ፣ መድኃኒቱም ከምንጩ መፈለግ ነበረበት።

ከምርመራ ወደ ውል

ይህ ክርክር በ1999 ናይሮቢ ደረሰ። በዚያ በተደረገው የድርድር ስብሰባ ላይ የኢኑዊት ተወካይ ሺላ ዋት ክሉቲየ እናትና ልጅን የሚያሳይ ቅርጽ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ኃላፊ ለክላውስ ቶፕፈር አበረከተች። በግንቦት 2001 በአሥራ ሁለት ኬሚካሎች ላይ ያተኮረው የስቶክሆልም ስምምነት ተፈረመ፤ በ2004 በሥራ ላይ ዋለ። የስምምነቱ መግቢያ የአርክቲክ ነባር ሕዝቦች በተለይ ለአደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን በግልጽ ያወሳል። ኢትዮጵያም በ2003 አጽድቃዋለች። በኑናቪክ ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ የሚለካው የፒ.ሲ.ቢ. መጠን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በእጅጉ ቀንሷል።

ስምምነቱ ዲ.ዲ.ቲን እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመቆጣጠር ፈቅዷል። በኢትዮጵያም ዲ.ዲ.ቲ. ለአሥርተ ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ቆይቶ፣ ትንኟ ስለተላመደችው በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሌሎች ኬሚካሎች ተተክቷል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ተካሂዶ በ2013 የታተመ ጥናት በእናት ጡት ወተት ውስጥ ቅሪቱን አግኝቷል። በዚህ ምንጩ ቅርብ ነው፤ በዚያ ሩቅ ነበር። የሚደርሱበት ስፍራ ግን አንድ ነው።

የጤና ተቋሙ ጭስ

ከአሥራ ሁለቱ መካከል ዳዮክሲንን ሆነ ብሎ የሚያመርተው የለም። ክሎሪን ያለበት ነገር፣ በተለይም ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ፣ በአግባቡ ሳይቃጠል ሲቀር ይፈጠራል። በ1994 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ባወጣው ረቂቅ ግምገማ ከዋነኞቹ የዳዮክሲን ምንጮች አንዱ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ መሆኑ ተመለከተ። ባሪ ኮመነርና ባልደረቦቹ በ2000 ባቀረቡት ጥናት ደግሞ በካናዳ ሰሜናዊ ግዛት በኑናቩት ላይ ከሚወርደው የሰሜን አሜሪካ ዳዮክሲን አብዛኛው ከአሜሪካ ምንጮች የሚነሣ መሆኑን በስሌት አሳዩ።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው በዚህ ታሪክ ውስጥ መርዙን የሚመረምር ብቻ አይደለም፤ ሊያመነጨውም ይችላል። ቆሻሻን ከመነሻው መለየት፣ ፒ.ቪ.ሲን ወደ እሳት አለመስደድ፣ የሚቻለውን በእንፋሎት ማምከን፣ ማቃጠል ግድ ሲሆንም ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሠራ ማቃጠያ መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው። በጤና ጣቢያው ጓሮ በጉድጓድ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት የሚጤሰው ክምር ከዓይን ሲሰወር ያለቀ ይመስላል። የዋልታው በረዶና የኑናቪክ እናቶች ወተት ግን ከዓይን የተሰወረው ሁሉ እንዳልጠፋ መስክረዋል።