የመርዝ ጢስና የቀይ መስቀል ድንኳን



የዛሬው ትምህርታችን በ1928 ዓ.ም. ስለሆነ ነገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው። በመርዝ ስለተቃጠለ ሕዝብና ያንን ሕዝብ ለመርዳት ስለመጡ ሰዎች እንነግራችኋለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቦታ ካለ ተመለሱና ድገሙት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። መድፍ ነበረው፤ ታንክ ነበረው፤ አውሮፕላንም ነበረው። ታኅሣሥ ላይ ግን ሌላ መሣሪያ አመጣ። በተከዜ ወንዝ አካባቢ፣ ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው በነበሩበት ግንባር፣ ከአውሮፕላን በርሜል የሚመስል ነገር ወረደ። መሬት ሲነካ ተሰነጠቀና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተረጨ።

ሰዉ የመርዝ ጢስ አለው። ጢስ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። ሽታው ሰናፍጭ ወይም ነጭ ሽንኩርት ስለሚመስል የሰናፍጭ ጋዝም ይሉታል። ክፋቱ ምንድን ነው? ወዲያው አያቃጥልም። የነካው ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቆዳው ይቀላል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ይላጣል። ዓይኑ ያብጣል። በትንፋሹ ከሳበው ደግሞ ሳንባው ይቆስላል። መርዙ ሣርና አፈር ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

እስቲ አስቡት። የዚያን ጊዜ ወታደር አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ገበሬውም እንዲሁ፣ እረኛውም እንዲሁ። መርዝ የነካውን ሣር የረገጠ ሁሉ እግሩ ተቃጠለ። ውኃውና ግጦሹ ተበከለ። ጦር ሜዳ ያልዋለው ሰላማዊ ሰውም ከነከብቱ ተጎዳ።

ይህ መሣሪያ የተከለከለ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ብዙ አገሮች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው በጦርነት የመርዝ ጋዝ እንዳይሠራበት ተስማምተዋል። ኢጣሊያም ፈርማ ነበር። አውቃ ነው ፊርማዋን ያፈረሰችው።

ታዲያ የተቃጠለውን ሰው ማን ረዳው?

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ገና የሦስት ወር ልጅ ነበር ማለት ነው። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ። ስለዚህ ለዓለም ጥሪ ተደረገ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በእንግሊዝ አገር እርዳታ ይለምኑ ነበር። ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድና ከፊንላንድ የሕክምና ጓዶች መጡ። ከግብፅም ቀይ ጨረቃ መጣ። ከገንዘቡ ብዙው ከተራ ሰው ኪስ የተዋጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አዲስ አበባም የእኛው ሴቶች ተሰብስበው ፋሻ ያዘጋጁ ነበር፤ ከመርዙ ለመከላከል የጨርቅ የፊት መሸፈኛም ይሰፉ ነበር።

መድኃኒቱና ድንኳኑ በባቡር፣ በካሚዮንና በበቅሎ ተጓዘ። ሐኪሞቹ የተመረዘውን ልብስ ማውለቅ፣ ገላውን ማጠብ፣ ቁስሉን ማሰር ያዙ። ከዚያ በላይ ብዙ ማድረግ አይቻልም። ለዚህ መርዝ እስከ ዛሬም ማርከሻ አልተገኘለትም። ያም ሆኖ የታጠበና የታሰረ ቁስል፣ ሜዳ ላይ ከተተወ ቁስል ይሻላል። ብዙ ሰው በዚህ ተርፏል።

የረዳቶቹም ሕይወት በአደጋ ላይ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር፣ ገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች በአውሮፕላን ተደበደቡ። የተኙ ቁስለኞች አለቁ። ጉናር ሉንድስትሮም የተባሉ ስዊድናዊ የሕክምና ረዳትም ሞቱ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ኮረም አጠገብ የእንግሊዝ አምቡላንስ ተመታ። የዚያ አምቡላንስ አለቃ ዶክተር ጆን ሜሊ ከዚህ ተርፈው ነበር። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ግን አዲስ አበባ ስትዘረፍ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሊያነሱ ሲሉ በጥይት ተመቱ። በዚያው ቁስል ሞቱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቁስል ማሰር አንድ እርዳታ ነው። ያዩትን መመስከር ደግሞ ሁለተኛ እርዳታ ነው። የመጀመሪያው የዛሬውን ሰው ያድናል። ሁለተኛው በደሉ ተክዶ እንዳይቀር ያደርጋል።

አንዳንዶቹ ሁለቱንም አድርገዋል። የእንግሊዙ አምቡላንስ ሐኪም ዶክተር ጆን ማክፊ የዕለት ማስታወሻቸውን ሳይውል ሳያድር በመጽሐፍ አሳተሙ። ጄኔቫ ያለው የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የመንግሥታቱ ማኅበር «ስለ መርዙ የምታውቁትን ስጡን» ብሎ በ1928 ዓ.ም. ሲጠይቀው፣ ገለልተኛ ነኝ በማለት አልሰጠም። የኮሚቴው መልእክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖ ኮረም አካባቢ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። ያዩትን በመጽሐፍ ለዓለም የተናገሩት ግን ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዙ ከሰሱ። የኮሚቴው ማስረጃ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ማኅበሩም በዚያው ክረምት በኢጣሊያ ላይ ጥሎት የነበረውን የንግድ ቅጣት አነሳ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ክህደት ሆነ። ኢጣሊያ አገር ውስጥ ለብዙ ዓመታት «እኛ መርዝ አልጣልንም» የሚሉ ነበሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ግን የተወጋው ማስረጃ ሲጠየቅ ምን ያሳይ? ጠባሳውን ብቻ ነው። ጠባሳ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ክህደቱን የሰበረው ምን ይመስላችኋል? ወረቀት ነው! አንጀሎ ዴል ቦካ የሚባሉ ኢጣሊያዊ የታሪክ ጸሐፊ ለዓመታት መዝገብ አገላበጡ። ሙሶሊኒ በጋዝ እንዲጠቀሙ ለጄኔራሎቹ ፈቃድ የሰጠባቸው ቴሌግራሞች ለሕዝብ ወጡ። በ1988 ዓ.ም. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ በኢትዮጵያ ላይ መዋሉን አመነ። ከመርዙ በኋላ 60 ዓመት አልፎ ነበር። ከተቃጠሉት ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሳይሰሙ ሞተዋል።

ማንም ሐኪም ያልደረሰበት ቦታም አለ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት በሚባል ቦታ፣ አርበኞች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ዋሻ ገብተው ነበር። የኢጣሊያ ጦር ከብቦ መርዝ ለቀቀባቸው። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ቀይ መስቀል አልመጣም፤ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፍም አልነበረም። የአካባቢው ሰው ታሪኩን በአፍ ይዞ ኖረ። በ1998 ዓ.ም. አንድ የታሪክ ተመራማሪ ሮም መዝገብ ቤት ያገኘውን ወረቀት ይዞ ወደ ዋሻው መጣ። አጥንቱ እዚያው ነበር።

አያችሁ? የጨፈጨፈው ወገን ጽፏል። የተጨፈጨፈው ወገን ግን አብዛኛው መጻፍ አይችልም ነበር። ሌላው ሲጽፍለት ነገሩ ታወቀ፤ ሌላው ዝም ሲል ተድበሰበሰ።

ዛሬ እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። መርዝ ዛሬም ከቤታችን አልራቀም። የተባይ ማጥፊያ በየገበያው ይሸጣል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትክፈቱት። መርዝ የነበረበትን ዕቃ ውኃ አትቅዱበት። ሰው ወይም ከብት ከተጎዳ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ከዚያ ደግሞ ጻፉ። ቀኑን ጻፉ፤ ቦታውን ጻፉ፤ የተጎዳው ማን እንደሆነና የመርዙ ስም ማን እንደሚባል ጻፉ። እርዳታ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ለሚመጣው ሳምንት አንድ ሥራ እንሰጣችኋለን። በሰፈራችሁ አያቱ ወይም አባቱ ስለ 1928 ዓ.ም. የነገሩት ሰው ካለ ጠይቁት። የሰማችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ። ፊደሉ ቢወላገድ ግድ የለም፤ ዋናው መጻፉ ነው።

ደህና ሁኑ።