ከጋፋት መዶሻ እስከ ጆሮ መመርመሪያ

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የምትገኘው ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት የአንጥረኞች መንደር እንደ ነበረች፣ አንባቢዎች ሆይ፣ ታውቃላችሁ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉ የአውሮጳ ሚሲዮናውያንና የአገራችን የእጅ ሠራተኞች ማዕድን እያቀለጡ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን የሠሩት በዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ይህን መድፍ በሰው ጕልበት እያስጐተቱ ወደ መቅደላ መሄዳቸውም በታሪክ የታወቀ ነው። ስለ መድፉና ስለ ጐተተው ክንድ ብዙ ተጽፏል። መዶሻ ከጧት እስከ ማታ ስለሚደበድበው ጆሮ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ 15,000 ያህል ረቂቅ ጠጕራም ሕዋሳት ይገኛሉ። ብርቱ ድምፅ ሲደጋገምባቸው እነዚህ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ በሰው ጆሮ ውስጥ ከሞቱም ዳግመኛ አይበቅሉም። ክፋቱ፣ ጕዳቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። ባለቤቱ የጐደለውን ሳያውቅ ሰው ሁሉ የሚያንሾካሹክ ይመስለዋል። ስለዚህ ጆሮ ልክ ያስፈልገዋል።

ልኩ ከየት መጣ? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ጆን ሾር የተባለ እንግሊዛዊ የቤተ መንግሥት መለከት ነፊ በ1711 ሁለት ጣት ያለው የብረት ሹካ ፈለሰፈ። ሹካው ሲመታ አንድ ንጹሕ ድምፅ ብቻ ይሰጣልና ለመሣሪያ መቃኛ ሆነ። በ1834 ዌበር፣ በ1855 ደግሞ ሪነ የተባሉት ጀርመናውያን ይህን ሹካ ጆሮን ለመመርመር አዋሉት። (1855 ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ።) የሪነ ዘዴ ቀላል ነው፤ ሹካው ተመትቶ እግሩ ከጆሮ በስተኋላ ባለው አጥንት ላይ ይቆማል። ድምፁ ሲጠፋ ወደ ጆሮ ቀዳዳ ይቀርባል። ጤናማ ጆሮ በአጥንት በኩል ያጣውን በአየር በኩል እንደ ገና ይሰማዋል። በአጥንት በኩል ይልቅ የሚሰማ ከሆነ ግን በታምቡሩ ወይም በዚያ አካባቢ የሚያግድ ነገር አለ ማለት ነው።

የዜማ ሰው መሣሪያ ወደ ሐኪም እጅ መግባቱ ለበጌምድር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚተላለፈው ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ነው። መምህሩ ዜማው በተሳተ ጊዜ ወዲያው ያውቃል። ስሕተቱ ከስንፍና ይሁን ከጆሮ መድከም ግን በመምህሩ መስማት ብቻ አይለይም። በቤተ ክህነቱም ሆነ በዘመናዊው ትምህርት ቤት እልከኛ ወይም ደንቆሮ ራስ ተብሎ የሚገረፍ ልጅ፣ ምናልባት ጥፋቱ ጥያቄውን አለመስማቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በ1886 የግላስጎው ሐኪም ቶማስ ባር የእንፋሎት ጋን የሚቀጠቅጡ አንድ መቶ ሠራተኞችን መርምሮ አንድም ጤናማ ጆሮ ያለው እንዳላገኘ ጻፈ። የጋፋት ሥራም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1922 ደግሞ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ የመስማት መለኪያ ለገበያ ቀረበ። መስፈሪያው ዴሲቤል የተሰየመው እናቱም ሚስቱም መስማት በተሳናቸው በቴሌፎኑ ሰው በቤል ስም ነው።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ባለሙያ የሚሄድ ሰው ምን ይጠብቀዋል? በመጀመሪያ ስለ ሥራውና ስለ ቀድሞ ሕመሙ ይጠየቃል፤ ጆሮው በመብራት ይታያል። ኩክ ደፍኖት ከሆነ እርሱ ይወጣል፤ አንዳንድ ሰው በዚህ ብቻ ድኖ ይመለሳል። ከዚያ ጸጥ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ማዳመጫ በጆሮው ያደርጋል። ድምፅ በሰማ ቍጥር፣ እጅግ የደከመም ቢሆን፣ እጁን ያነሣል ወይም ቍልፍ ይጫናል። ድምፁ ከወፍራሙ 250 ሄርዝ እስከ ቀጭኑ 8,000 ሄርዝ በየተራ ይሰጣል፤ ቀኝና ግራ ለየብቻ ይመረመራሉ። ቀጥሎ የምታርገበግብ ትንሽ መሣሪያ በአጥንቱ ላይ ትደረጋለች፤ ይህችም የሪነ ሹካ የልጅ ልጅ ናት። ሕመም የለበትም፤ ፈተና አይደለምና መገመትም ማስመሰልም ጕዳቱ ለራስ ነው።

ውጤቱ በሠንጠረዥ ላይ ይሣላል፤ ቀኙ በቀይ ክብ፣ ግራው በሰማያዊ መስቀል። የመዶሻና የተኵስ ጕዳት በ4,000 ሄርዝ አካባቢ እንደ ጕድጓድ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው ድምፅ ይሰማል እንጂ ቃል አይለይም፤ «ሠራ» ሲሉት «ፈራ» ይመስለዋል፤ ምክንያቱም የ«ሰ» እና የ«ፈ» ድምፆች ቀጫጭን ናቸው። ባለሙያው ቃላት እየተናገረ የሚያስደግመውም ይህን ለማወቅ ነው። እጅ ማንሣት የማይችል ሕፃን እንኳ ተኝቶ ሳለ ይመረመራል፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ጤናማ ጆሮ ራሱ ረቂቅ ድምፅ መልሶ እንደሚያወጣ በ1978 ስላስታወቀ፣ መሣሪያው ያንን ያዳምጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ስሟን በተጋራችው በነሐሴ 13 በዓል፣ በቡሄ፣ የሚጮኸው የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ በጆሮ አጠገብ ከጮኸ ታምቡርን ሊጐዳ ይችላል። እንዲህ ካለ ጩኸት በኋላ ጆሮ ለጊዜው ይደክማልና፣ ለተራ ምርመራ የሚሄድ ሰው ከ14 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ከጩኸት ይራቅ። አንድ ጆሮው በድንገት የተዘጋበት ሰው ግን ይህን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ መድኃኒቱ የሚረዳው በቶሎ ሲጀመር ነውና።