የሠላሳ ሦስት ገጹ ደብዳቤ

አንድ ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቀር፣ ስሙን ሲጠሩት ዘወር ሳይል ሲቀር፣ ጎረቤት ፈጥኖ ይፈርዳል። በእኛ መንደር «እርግማን ነው፣ ለክፎት ነው፣ እናቱ ምን ሠርታ ይሆን» ይባላል። በሠለጠነው ዓለምም ይኸው ፍርድ የሐኪም ካባ ደርቦ ለዓመታት በእናቶች ላይ ችሎት ተቀምጦ ነበር።

የኦቲዝም ታሪክ ሲወሳ ከአንድ አባት ደብዳቤ መጀመር ይገባል። በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩት ጠበቃ ቢመን ትሪፕሌት፣ በ1933 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የተወለደው ልጃቸው ዶናልድ ግራ ያጋባቸዋል። ዕቃ ሲያሽከረክር ይውላል፤ የሰማውን ዜማ አይስትም፤ ሰው ቢመጣ ቢሄድ ግን ከቁብ አይቆጥረውም። በሐኪም ምክር ገና በጨቅላነቱ ወደ አንድ የሕፃናት ማቆያ ሰደዱት። ዓመት ያህል ቆይተው ግን አላስቻላቸውም፤ ወደ ቤታቸው መለሱት። አባትየው የልጃቸውን ጠባይ አንድ በአንድ ዘርዝረው 33 ገጽ አስተየቡና በባልቲሞር ለሚገኙት ሐኪም ለሊዮ ካነር ላኩ። ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፈው ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ቁጥር አንድ ያሉት ዶናልድን ነበር።

ካነር ችግሩ አብሮ የተወለደ ይመስላል ብለው ጽፈዋል። ይሁንና ወላጆቹን ስሜተ ቀዝቃዛ ሲሉም ተቹ። ከዚህ ትችት «የማቀዝቀዣ እናት» የሚል መራራ ስያሜ ተወለደ። ብሩኖ ቤተልሃይምም በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ክሱን አጠነከሩት። እንቅልፍ ከማያውቅ ልጅ ጋር ሌሊቱን ስትታገል ያደረች እናት፣ ሲነጋ ሐኪም ፊት ተከሳሽ ሆና ቀረበች።

ክሱን የናዱት በአብዛኛው ወላጆች ናቸው። የባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያ የነበሩት በርናርድ ሪምላንድ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ በ1964 ባወጡት መጽሐፍ መነሻው የአካል እንጂ የእናት ፍቅር ማጣት አለመሆኑን ሞገቱ። በእንግሊዝ አገርም ሐኪም የሆነች እናት፣ ሎርና ዊንግ፣ በ1962 ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቋመች። በ1969 ካነር በወላጆች ስብሰባ ፊት ቆመው ከወቀሳው ነፃ አወጧቸው። በ1977 የታተመ የመንትዮች ጥናት ደግሞ የዘር ውርስን ድርሻ አሳየ።

ዶናልድስ? ለጥቂት ዓመታት ከአንድ ገበሬና ከሚስቱ ጋር ኖረ። ልክ መለካት ሲያባዝተው ጉድጓድ አስቆፍረው ጥልቀቱን ጠየቁት። የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ሲለቃቅም መቃብር ቦታ ከለሉለት። የበቆሎ ተርታ ደጋግሞ ሲቆጥር፣ ፈረስና ማረሻ ሰጥተው እያረሰ እንዲቆጥር አደረጉ። ባልና ሚስቱ ጠባዩን ተቀብለው ሥራ አበጁለት። ዶናልድ አድጎ ኮሌጅ ጨረሰ፤ ባንክ ውስጥ ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ ብዙ አገር ዞረ። በ2023፣ በ89 ዓመቱ አረፈ።

እኛም ዘንድ መንገዱን የጠረገች እናት ናት። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከስደት ተመልሰው፣ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብሎ በአደባባይ መናገር ባልተለመደበት ጊዜ ተናገሩ። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ልጇን ጓዳ የምታስገባ እናት በየሰፈራችን አለች። የምትፈራው የእኛን አፍ ነው። ካነር ወላጆችን በአደባባይ ነፃ ለማውጣት ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው 26 ዓመት ፈጀባቸው። እኛ ቡና ላይ የጣልነውን ቃል ለማንሳት ስንት ዓመት እንጠብቃለን?