ዱር ቤቴ፣ አየሁ፣ ምናለሽ ተራ፤ ኅብረ ቃል ያዘሉ የቦታ ስሞች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት አማኑኤልን፣ ደንበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን እያቋረጠ ያልፋል። መንገደኛ እነዚህን ስሞች በየምልክቱ ላይ አንብቦ ያልፋቸዋል እንጂ ቆም ብሎ አያዳምጣቸውም። ላዳመጣቸው ግን ብዙዎቹ ሁለት ነገር ይናገራሉ።

ቡሬ ለአራሽ ከከተማ ስም በፊት የከብት መልክ ነው። ሁለት ቀለም የተደባለቀበት በሬ ቡሬ ይባላል። ስለዚህ ከቡሬ ገበያ ቡሬ በሬ ነድቶ የመጣ ሰው የት ሄዶ ምን እንደገዛ ሲጠየቅ በአንድ ቃል ሁለቱንም ሊመልስ ይችላል። ጃቢ ጠህናን ወረዳ ውስጥ ደግሞ ብር ሸለቆ አለ። ሸለቆው የተጠራው በብር ወንዝ ቢሆንም ለሰሚው ጆሮ የገንዘብ ሸለቆ ነው። «ብር ሞላ» የሚለው ወሬ በክረምት ከብት ለሚያሻግር እረኛ ስጋት፣ በመኸር ወቅት በቆሎውን ለሸጠ ገበሬ ደግሞ የምስራች ይሆናል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ምዕራብ ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ የሆነው ዋሸራ የሚገኘው በቋሪት ነው። ሰምን ከወርቅ መለየት፣ አንዱን ቃል በሁለት መንገድ መፍታት በዚያ የተማሪ ዕለታዊ ሥራ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ያልገባውም ቢሆን በሠርግና በለቅሶ፣ በጠላ ቤትና በአውድማ ይጫወትበታል። ለቦታ ስሞች መመንታት ሌላው ምክንያት ራሱ አጻጻፋችን ነው። የአማርኛ ፊደል ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በሰበታ አቅጣጫ የምትገኘው ዓለም ገና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ደስታው ወደፊት ነው፣ አልደረሰም የሚል ተስፋ ወይም ቁጭት ይሆናል፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የታኅሣሡ ገና በዓል ነው። ምልክቱን የሚጽፈው ሰው ለሁለቱም የሚጠቀመው በአንድ ዓይነት ፊደል ነው።

የዓባይ ጉዳይ ግን በተቃራኒው ነው። ፊደል የለየውን ጆሮ ያገናኘዋል። በግእዝ «ዓቢይ» ታላቅ ማለት ሲሆን፣ በዓይኑ ዓ የሚጻፈው ዓባይም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። በአልፋው አ የሚጻፈው «አባይ» ደግሞ ውሸታም ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ የአገሩን አፈር ጠርጎ የሚሄደውን ወንዝ ሲያሞግሱና ሲወቅሱ የኖሩ ገጣሚዎች ሁሉ ከዚህ መንታ ድምፅ ተጠቅመዋል። ፏፏቴው ጢስ ዓባይ ወይም ጢስ እሳት ይባላል፤ ውኃ በእሳት ጢስ ሲጠራ የቅኔ መምህር ሳያስፈልግ ስሙ ራሱ እንቆቅልሽ ሆኗል።

የጎጃም ሰው ልጁን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መሰየም ለምዷል። ይበልጣል፣ አገኘሁ፣ ታገል የሚሉት ስሞች ግስ ናቸው። ስለዚህ ቦታም በግስ ቢጠራ አያስደንቀውም። በአዊ ዞን አየሁ የሚባል ቦታ አለ፤ አየሁ ጓጉሳ የተባለው ወረዳም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። «የት ነበርክ?» «አየሁ።» «ምን አየህ?» የሚለው ቀልድ እዚያ ለሚነግድ ሁሉ የሚቀርብ ነው። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ የሚገኘው ዱር ቤቴ ደግሞ እንደ ሽፍታ ፉከራ ይሰማል። ተለያይቶ «ዱር ቤቴ» ተብሎ ሲጻፍ ትርጉሙ ፊት ለፊት ይታያል፤ ተጋጥሞ «ዱርቤቴ» ሲባል ይደበቃል። ምልክቶች ላይ ሁለቱም አጻጻፍ ያጋጥማል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዊ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ አዊኛ ነው፤ የአንድን ስም መነሻ በአማርኛ ጆሮ ብቻ መፍረድ ቀልድን ከታሪክ ጋር ማምታታት ይሆናል። ጅጋ የሚለው ስም በአንዳንድ አካባቢ ደቦን ከሚጠሩበት «ጅጊ» ጋር ቢቀራረብም መቀራረቡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለዚህ ማስተማሪያ የሚሆነው የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ነው። ቃሉን በአማርኛ ሊፈታ የሞከረ ሁሉ ይደክማል፤ ምክንያቱም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ስም «ኢንቺስ»፣ «ካዜ» ደግሞ በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። የኢንቺስ ቤቶች የተባለው ሰፈር በሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ሲኤምሲም እንዲሁ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ምህጻረ ስም ነው።

መንግሥትም በየዘመኑ ስም ያወጣል። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ ምንቆረር ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፍኖተ ሰላምም ቀድሞ ወጀት ትባል እንደነበርና ስሟ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እንደተቀየረ ይነገራል። በግእዝ ፍኖት መንገድ ነው፤ የሰላም መንገድ። መንገድ በጭቃም ሆነ በሌላ ምክንያት በሚዘጋበት ሰሞን ተሳፋሪው ስሙን የሚጠራበት ድምፅ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ወርቁን የሚያወጣው ተሳፋሪው ራሱ ነው። እንጅባራ በሌላ ስሟ ኮሶ በር ናት። ኮሶ ለሆድ ትል የሚጠጣ መራራ መድኃኒት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው በዚያ በር መግባት ቀልድ አያጣም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚያነሣው ከማንኩሳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በመንገዱ የሚያልፍ አንባቢ ከተማዋን መነኩሴ ከሚለው ቃል ጋር ብቻ ሳይሆን ከበዛብህም ጋር ያስባታል።

በሰሜኑ የክልሉ ክፍል ሐሙሲት፣ ማክሰኚት፣ ሮቢት የሚባሉ ከተሞች ከገበያ ቀን የተወለዱ ናቸው። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ማራኪ አለ፤ ልብ የሚወስድም በጦርነት የሚማርክም በዚያው ቃል ይጠራል።

ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ጨዋታው ይበዛል፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የየራሱን ምላስ ይዞ ስለገባ። ከመርካቶ ተራዎች አንዱ ምናለሽ ተራ ይባላል። ቃሉን ነጣጥሎ ያነበበ «ምን አለሽ?» የሚል የሸማች ጥያቄ ያገኛል፤ «ለ» ሲጠብቅ ምን ዕቃ አለሽ ማለት ነው። «ለ» ላልቶ ሲነበብ ግን ጥያቄው ስለ ዕቃ መሆኑ ይቀርና እሱ ምን ነገረሽ የሚል የጎረቤት ጥያቄ ይሆናል። ከጎጃም የሚመጣ ነጋዴና መንገደኛ ስሙን ያተመበት ጎጃም በረንዳም በዚያው በመርካቶ ዙሪያ ነው። ሠንጋ ተራ የደለበ ሰንጋ የሚቆምበት ቦታ ስም ቢሆንም ዛሬ በዙሪያው የቆሙት የባንክ ፎቆች ናቸው፤ በሬ ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ያስገባ ገበሬ ሁለቱን ማገናኘት አይከብደውም። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ከኪሎ ሜትር የተቆረጡ ስሞች እንደሆኑ ይነገራል፤ ሚዛን ላይ እህል ማስቀመጥ የለመደ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ምኑ እንደሚመዘን ነው።

ሰባራ ባቡር የሚለው ስም ለገጠር አንባቢ ልዩ ማብራሪያ አያሻውም፤ ወፍጮንም «ባቡር» ብሎ የሚጠራ ብዙ ነውና። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን አማካይነት በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ መጥቶ ነበር። የከተማው ሰው ባቡር ብሎ ጠራው፤ ተሰብሮ የቆመበት ሰፈርም በስብራቱ ተጠራ።

ከፒያሳ በታች ያሉት ሁለት ስሞች ግን ከሁሉም ይጠነክራሉ። እሪ በከንቱ፣ ቀማኛ የበዛበት፣ ቢጮህ የሚደርስ የማይገኝበት ሰፈር ስለነበር እንደተባለ ይተረካል። ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ የፖሊስ ሪፖርትም ቅሬታም ነው። ዶሮ ማነቂያ ሲባል ደግሞ ሰሚው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ግን ይከነክነዋል፤ በአገሩ ልማድ ዶሮ ተባርኮ ይታረዳል እንጂ ታንቆ አይበላምና። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል። ቤቱ ሲነሣ ስሙን የሚሸከም ጎረቤት አብሮ ይበተናል።

በወረቀት ላይ ያለው የመንገድ ስም በሕዝብ አፍ ያልገባበት አንዱ ምክንያት ተራ ነው። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። ወደ ቦሌ የሚወስደው ጎዳና በይፋ አፍሪካ ጎዳና ቢሆንም የታክሲ ረዳት «ቦሌ!» ብሎ ነው የሚጣራው። በጋቦንና በካሜሩን የተሰየሙ ጎዳናዎችም አሉ፤ ቤቱን ለእንግዳ ሲያመለክት በእነዚህ የሚጠቀም ሰው ግን ጥቂት ነው። እንግዳ የሚመጣው «ከሾላው ሥር ታጠፍ» ተብሎ ነው።

ሌላው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም። በዌልስ የምትገኝ አንዲት መንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኛ ለመሳብ ሲባል 58 የላቲን ፊደላት ያሉት ስም ወጥቶላት እስከ ዛሬ የባቡር ጣቢያዋን ምልክት ፎቶ የሚያነሣ ጎብኚ አላጣችም። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ደግሞ ፍል ውኃ ተብላ የምትጠራ ከተማ ነበረች። አንድ የሬዲዮ ጨዋታ አዘጋጅ ስሟን በፕሮግራሙ ስም ለምትቀይር ከተማ ዝግጅቱን ከዚያው እንደሚያስተላልፍ ቃል ሲገባ ነዋሪዎቹ ተስማምተው በ1950 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «እውነት ወይም መዘዙ» ተባለች። ፕሮግራሙ አለፈ፤ ስሙ ቀረ።

በገጠር የቦታ ስም ከጨዋታ በላይ ነው። በፍርድ ቤት ክስ፣ በፖሊስ ዜናና በመሬት ጉዳይ ሁሉ «ልዩ ስሙ እገሌ ከተባለው ቦታ» የሚለው ሐረግ አይቀርም። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ መሬቱ የሚገኝበት ስፍራና በአራቱም አቅጣጫ ያሉት አዋሳኞች ይጻፋሉ፤ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ካርታና መለያ ቁጥር ተጨምሮበታል። ካርታው ልኩን ይነግራል፤ በክርክር ጊዜ የሚጠሩ ሽማግሌዎች ግን የሚመሰክሩት በቁጥር አይደለም፤ «ከዋርካው ሥር እስከ አፋፉ» እያሉ ነው። ጎጡ ቁጥር ተሰጥቶት የቀድሞው ስሙ ከተረሳ፣ ልጁ ከአባቱ ደብተር ላይ የሚያነበውን ቦታ መሬት ላይ ማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች አዲስ ስም ሲሰቅሉ ነባሩን ከሥሩ ቢጽፉት ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው። ጅጋ ተብሎም ጂጋ ተብሎም መጻፉ እንኳ አንድ ቢደረግ በመዝገብ ፍለጋ ላይ ጊዜ ይቆጥባል።

ሁሉም ስም ይጠበቅ ማለት ግን አይቻልም። ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ፋቂን ለማዋረድ የወጡ የሰፈር ስሞች አሉ። እነዚህ የሚያስቁት ከሰፈሩ ውጭ ያለውን ሰው ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ሰፈሩን ለመናገር የሚያፍር ወላጅ ሊኖር አይገባም። ይቀየር የሚለውን ውሳኔ መጀመሪያ መስጠት ያለባቸውም የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው።

በሌላ በኩል ያለ ፈቃድ በሌሊት በጨረቃ የተሠሩ ቤቶች በየከተማው «የጨረቃ ቤት» ይባላሉ፤ ስሙን ያወጣላቸው መንገደኛ ቢሆንም ነዋሪዎቹም ተቀብለውት እየሳቁ ይጠሩበታል። ፕላን ወጥቶላቸው፣ መብራትና ውኃ ገብቶላቸው፣ ግብር መክፈል ከጀመሩም በኋላ እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያመለክቱት «ጨረቃ ሰፈር» ብለው ነው።