የርቀት ሥራ እና የአእምሮ ዕድገት ልዩነት በዋግ ኽምራ

የርቀት ሥራ ሠራተኛው ከአሠሪው ቢሮ ውጭ ሆኖ በስልክና በኢንተርኔት የሚያከናውነው ሥራ ሲሆን፣ ኦቲዝምና ዲስሌክሲያን (የማንበብ ችግርን) የመሳሰሉ የአእምሮ ዕድገት ልዩነቶች ላሏቸው ሰዎች ጫጫታውንና ድንገተኛውን ጥሪ በራሳቸው ልክ የመወሰን ዕድል ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር በቤት የሚሠራን ሥራ «የቤት ውስጥ ሥራ ውል» ብሎ ያውቀዋል፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አካል ጉዳተኞችን በቅጥር ማግለልን ይከለክላል። ሆኖም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል የሚገኘው አዲስ አበባ በመሆኑና የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣም በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከመብራትና ከስልክ ተቋርጣ በመቆየቷ፣ ሕጉ የከፈተው በር ለዋግ ነዋሪ እጅግ ጠባብ ነው፤ ይህም ሊያሳስብ ይገባል። ከቤት ሆኖ መሥራት ግን ለዋግ እንግዳ አይደለም፤ ቀድሞም ከነበሩት የጓሮ ሥራዎች አንዱ ንብ ማነብ ሲሆን፣ ቀፎውን በጭስ አለዝቦ ሰፈፉን በእርጋታ መቁረጥ ጸጥታና ያልተበታተነ ትኩረት ይፈልጋል።