ለምሕንድስና ተልኮ ሰዓሊ የሆነው ተማሪ፣ እጁን የያዘው ማን ነበር?

ባለፈው ጥቅምት ወር መጨረሻ ይህን ጋዜጣ ልናስቀምጥ ጎራ ባልንበት አንድ ምግብ ቤት፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ወጣት የቀረበለትን ሽሮ ሳይነካ አንዲት ወረቀት ደጋግሞ ሲያነብ አየነው። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ “እስቲ ይህን ልጅ አነጋግሩት፤ ትናንትም እንዲሁ ሳይበላ ነው የሄደው” አሉን።

ቀርበን ስንጠይቀው ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሦስተኛ ወሩ እንደሆነና በአንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መሆኑን ነገረን። ወረቀቱ ከትምህርት ቤቱ የውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው። ከያዛቸው አምስት ኮርሶች በሁለቱ ውጤቱ አሽቆልቁሏል። “ጋሼ፣ ሥዕሉ አቅቶኝ አይደለም። ስለ ሥዕልህ አልተናገርክም፣ ስለ ጓደኞችህም ሥራ ሐሳብ አልሰጠህም ነው የሚሉኝ። ነገ ሄጄ ሁለቱን ኮርስ ልሰርዛቸው ነው” አለን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ እናስረዳ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ክሪቲክ የሚሉት ክፍለ ጊዜ አለ። ተማሪው ሥራውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ከዚያ መምህሩም ተማሪውም እየተነሳ ይነቅፈዋል፣ ያወድሰዋል፣ ይጠይቀዋል። ባለሥራው ደግሞ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ቆሞ ይመልሳል። ዝምታ ወርቅ ነው ተብሎ ያደገ፣ መምህር ፊት አቀርቅሮ መቆምን እንደ ጨዋነት የተማረ የአገራችን ልጅ እዚያ ሲደርስ አንደበቱ ይታሰራል። ጨዋነቱን እነሱ ሐሳብ እንደሌለው ይቆጥሩበታል። ቋንቋው ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። የሒሳብ ተማሪ ቢያንስ ቁጥሩ ይናገርለታል።

ሁለቱን ኮርስ ቢሰርዝ ምን እንደሚከተል ልጁ አላወቀም። ወደዚያ እንመለሳለን። በዚያች ምሽት ያብሰለሰለን ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። ዛሬ ስማቸውን በኩራት የምንጠራቸው ታላላቆቻችን በዚሁ መንገድ ሲያልፉ እጃቸውን ይዞ ያሻገራቸው ማን ነበር? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጣሊያን ወረራ በፊት አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ሄደው ሥዕል ተምረዋል። ከነጻነት በኋላ ግን አገሪቱ የተማረ ሰው ያለቀባት ስለነበረች፣ መንግሥት ልጆችን ወደ ውጭ ሲልክ የሚፈልገው በመጀመሪያ መሐንዲስና የመሳሰለውን ባለሙያ ነበር። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ በ1947፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነው። ሌይተን ፓርክ በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት የነበሩ መምህራን የልጁን እጅ አይተው አበረታቷቸው። ከዚያ ለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብና የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድ ገቡ። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው፣ ያ ልጅ ማዕድን ሊቆፍር ተልኮ እንደነበር ማመን ያዳግተዋል።

የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄም ታሪካቸው ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1950ዎቹ ወደ ዌልስ፣ ሊንድስፋርን ኮሌጅ ሲሄዱ የቤተሰብ ሐሳብ የአውሮፕላን ምሕንድስና ነበር። የሙዚቃ ተሰጥኦዋቸውን ያዩት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ናቸው። ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሙዚቃ አጠኑ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ደረሱ፤ የዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደነበሩም ይነገራል። በርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

መንግሥትም ሆነ ቤተሰብ የትኬቱንና የትምህርቱን ዋጋ ችሏል፤ ውለታው አይካድም። ልጁ ምን እንደሆነ ያየው ግን ገንዘብ ከፋዩ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ የነበረው መምህር ነው። ይህ ደግሞ ዕድል ነው። መምህሩ ባያይስ ኖሮ? ማንም ሳያያቸው መካከለኛ መሐንዲስ ሆነው የቀሩ ስንት አፈወርቆች እንዳሉ ቆጥሮ የያዘ የለም።

አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1954 ተመለሱ። በ1957 የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ የኢትዮጵያ ልጅ ወደ ባሕር ማዶ ሳይሄድ መጀመር የሚችልበት ቦታ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ የሄደው ሰዓሊ አብዛኛው ብሩሽ አያያዝ ያወቀ፣ ራሱን ያወቀ ተማሪ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ሆነ፤ ቤት፣ ብርድ፣ ወረቀት፣ ብቸኝነት።

በአሜሪካ የውጭ አገር ተማሪዎች አማካሪዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1948 ነው። ከዚያ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪ የሚቀበል ጽሕፈት ቤት ተስፋፋ። ቪዛ ያድሳል፣ ቅጽ ይሞላል፣ መስከረም ላይ ሻይና ብስኩት ይጋብዛል። አንቀልድበት፣ ያስፈልጋል። የጥበብ ተማሪን የሚገጥመው ግን በሁለተኛው ወር ከክሪቲኩ ሲወጣ ያለው ሌሊት ነው፤ ለዚያ ሌሊት የሚሞላ ቅጽ የለም።

በዋሽንግተን ከተማ ያለው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለየት የሚለው እዚህ ላይ ነው። በ1867 ለጥቁሮች የተቋቋመው ይህ ተቋም ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በዚያው በ1930ዎቹ ነበር። በ1922 ማስተማር የጀመሩት ሊዮ ሐንስቤሪ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የታሪክ መምህር ደግሞ፣ አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን ስለ ኩሽና ስለ አክሱም ያስተምሩ ነበር። ታዋቂዋ የቲያትር ጸሐፊ ሎሬይን ሐንስቤሪ የወንድማቸው ልጅ ናት።

ሐንስቤሪ ማስተማር ብቻ አልበቃቸውም። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሐዋርድ አፍሪካውያን ተማሪዎች አማካሪ ሆኑ፤ ገንዘብ የተቋረጠበትን፣ ማደሪያ ያጣውን ተማሪ ጉዳይ ይከታተሉ ነበር። በ1953 ከሌሎች ጋር ሆነው የአፍሪካ አሜሪካ ኢንስቲትዩትን ሲያቋቁሙ የአፍሪካ ተማሪዎችን መርዳት አንዱ ዓላማ ነበር። በሙያቸው ከገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው የሚገባቸውን ክብር ሳያገኙ ነው ያረጁት። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ሲሸልማቸው ከጡረታ በኋላ ነበር፤ በዓመቱ ዐረፉ። እኚህ ሰው በዚያ ግቢ ተክለውት የሄዱትን ልማድ ግን የኋላ ሰዎች አገኙት። የውጭ ተማሪ ጉዳይ የጽሕፈት ቤት ብቻ አይደለም፣ የመምህሩም ነው የሚል ልማድ።

የሥዕል ክፍሉን በ1970 መምራት የጀመሩት ጄፍ ዶናልድሰን፣ በቺካጎ አፍሪኮብራ የተባለውን የጥቁር ሰዓልያን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። እሳቸው ካመጧቸው መምህራን መካከል እስክንድር ቦጎሲያን ይገኛሉ። እስክንድር ራሳቸው የስደተኛ ተማሪን ኑሮ ጠንቅቀው ያውቁታል። በ1955 በመንግሥት ስኮላርሽፕ ለንደን ሄዱ፣ በ1957 ፓሪስ ተሻግረው ወደ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጡ። በዚያ የኩባውን ሰዓሊ የዊፍሬዶ ላምን ሥራ ሲያዩ፣ ከአውሮፓውያን ትምህርት ሳይሸሹ የራስን መንፈስ መሳል እንደሚቻል ተረዱ። በ1966 አዲስ አበባ ተመልሰው እስከ 1969 በአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከዚያ ወደ አሜሪካ መጡ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ሐዋርድ ነበሩ።

ጊዜውን ልብ በሉ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ልጁን እዚህ ያስተምር የነበረ ቤተሰብ እጁ ባዶ ሆነ። ተማሪ ሆኖ የመጣው በአንድ ጀንበር ስደተኛ ሆኖ አደረ፤ ቀን ክፍል፣ ሌሊት ፓርኪንግ የሚያድር ትውልድ ተፈጠረ። በዚህ ጊዜ ለሥዕል ተማሪው ሐዋርድ ውስጥ በአማርኛ የሚያናግረው፣ የለንደንንም የፓሪስንም ብርድ የቀመሰ መምህር መኖሩ ምን ማለት እንደነበር ያለፈበት ያውቀዋል።

ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በ1972 ተመርቀው፣ ሐዋርድ ደግሞ በ1980 ማስተርሳቸውን ያዙ። ፊደላችንን በሸራ ላይ እየሰበሩና እየሰፉ የሚሠሩት ሥራ ዛሬ በትላልቅ ሙዚየሞች ይገኛል። አንድ አሜሪካዊ መምህር “ሀ”ን እንደ ጌጥ ሊያየው ይችላል። ፊደል የቆጠረ መምህር ግን ጌጡ የት አልቆ ቃሉ የት እንደሚጀምር ይጠይቃል፤ ሁለቱ ክሪቲክ አንድ አይደሉም።

የከበደች ተክለአብ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። ከቀይ ሽብር ሲሸሹ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቀው አሥር ዓመት ገደማ በእስር ካምፕ ማቀቁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ሲደርሱ ሐዋርድ ገብተው የመጀመሪያና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሥዕል ያዙ። እንዲህ ያለውን ተማሪ በየትኛው ቅጽ ትቀበለዋለህ? መምህራቸው እስክንድር ነበሩ። በዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የተተከለውን “ኔክሰስ” የተባለውን ሥራ በ2001 ሁለቱ አብረው ሠሩት። ተማሪና መምህር ተባባሪ የሆኑበት ያ ሥራ ስለ ሰዓሊው እርዳታ ከማንኛውም የጽሕፈት ቤት ሪፖርት የበለጠ ይናገራል።

የፊልሙ ነገር ብቻውን ጽሑፍ ይወጣዋል፤ በአጭሩ እንለፈው። የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ፤ አለ ፈለገ ሰላም በተማሩበት በዚያው አርት ኢንስቲትዩት ሥር የነበረ ነው። ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ቦታ ስላላስደሰታቸው ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ዩሲኤልኤ ሄዱ። በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ለጥቁር፣ ለቺካኖ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጆች የከፈተው የፊልም መርሐ ግብር ነበረ። የሰጣቸው ነገር ካሜራና ጓደኛ ነው። “ቡሽ ማማ” ሲቀረጽ ከካሜራው ኋላ ከቆሙት አንዱ የክፍል ባልደረባቸው ቻርልስ በርኔት ነበሩ፤ ፊልሙ ሲጀምር የሚታየው የፖሊስ ፍተሻም የተደገሰ ትዕይንት አልነበረም፣ በቡድኑ ላይ በእርግጥ የደረሰ ነው። “ምርት፣ ሦስት ሺህ ዓመት”ን በ1974 አገር ቤት ሄደው ሲቀርጹ ገና ተማሪ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሌላው ኢትዮጵያዊ፣ ተሾመ ገብርኤል፣ ዩሲኤልኤ ማስተማር ጀመሩ፤ የሦስተኛው ዓለም ሲኒማ የሚባለውን ጥናት ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆነው በ2010 ዐረፉ። ኃይሌ ደግሞ በ1975 ወደ ሐዋርድ መጥተው በተራቸው መምህር ሆኑ፤ ከግቢው ማዶ በጆርጂያ አቬኑ የከፈቱት ሳንኮፋ የመጻሕፍት ቤት ለስንቱ ተማሪ ሁለተኛ ክፍል እንደሆነ በዚያ የሚያልፍ ያየዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ያን ዘመን ገነት ማስመሰል አይገባንም። በሰው ላይ የቆመ እርዳታ ሰውዬው ሲሄድ ይሄዳል። እስክንድር በ2001 ማስተማር አቆሙ፣ በ2003 ግንቦት ወር ዐረፉ። የሐዋርድ የሥነ ጥበብ ኮሌጅም በ1990ዎቹ መጨረሻ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ተቀላቀለ። ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ወጣቱ ቻድዊክ ቦስማን ነበር። ኮሌጁ እንደገና ቆሞ በ2021 በእሱ ስም ሲሰየም እሱ በሕይወት አልነበረም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ኮርሶቹን ቢሰርዝ የሚቀረው ዘጠኝ ክሬዲት ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከ12 ክሬዲት በታች ሲወርድ፣ ቀድሞ ካላስፈቀደ፣ ሕጋዊ መቆያውን ያጣል። ሕጉ ግን በር ትቶለታል። አዲስ ተማሪ በቋንቋ ምክንያት ወይም የአሜሪካንን የማስተማር ዘዴ ባለመልመዱ ከተቸገረ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ የኮርስ ቅነሳ ሊፈቅድለት ይችላል። ፈቃዱ በአንድ የትምህርት ደረጃ አንዴ ብቻ ነው፣ ከግማሽም በታች አያወርድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠየቅ ያለበት ኮርሱ ከመሰረዙ በፊት ነው። በአንድ ሌሊት ልዩነት የሚበላሽ ነገር ነው። “አንድ ዘመዴ ሌሊት ፓርኪንግ አስገባሃለሁ ብሎኛል” ሲለን ደግሞ ደነገጥን። በትምህርት ጊዜ የተፈቀደለት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ ከሠራ ያው ቪዛው ይበላሻል። ዘመድየው ክፉ አስቦ አይደለም። እሱ በመጣበት ዘመን የነበረውን መንገድ ነው ያሳየው።

በማግስቱ አብረነው ሄድን። አማካሪዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ልጁ በቃሉ ሊያስረዳት ያልቻለውን እኛ ስንነግራት “ይህን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?” አለችው። አቀረቀረ። አንዱ ኮርስ ተነሳለት፣ ሌላው ግን ቀረ፤ መምህሩም ክሪቲኩ ላይ የሚለውን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ተስማሙ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እዚያው ምግብ ቤት፣ እትዬ ቡና እያፈሉ፣ በአማርኛ ጻፈው። ከዚያ ተረጎምነው። ስለ አያቱ እጅ ነበር። ሥዕሉን እኛም ያን ጊዜ ነው ያየነው።